ሰላምታ የመሰለው መብራት

ሰውየው ስም አለው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ከልጅነቱ ጀምሮ «ቶሎ» ነው። «ቶሎ በሉ»፣ «ቶሎ እንውጣ»፣ «ቶሎ አምጡት» እያለ አድጎ፣ እያለ አግብቶ፣ ይኸው ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ የተቀመጠ አይመስልም። አንደኛው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ የመኪና ቁልፍ ያንቀጫቅጫል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ሻይ ሲቀርብለት ግማሹን ቆሞ ይጠጣና ግማሹን የት እንዳስቀመጠው ይረሳል። ሚስቱ ከመስኮቱ ደፍ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አንዳንዴም ከመታጠቢያ ቤት የቀዘቀዘ ሻይ ስትሰበስብ ነው የምትኖረው።

ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። ሥጋ ቤቱም መድኃኒት ቤቱም የሚደውሉለት ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት የዋለው ፍሪጅ ትዝ የሚላቸው ያኔ ነዋ። ስለዚህ ቶሎ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ማዶ ከተማ የሚወጣው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የሚወጣውም በስፖርት መኪና ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ በስፖርት መኪና ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁት ቶሎ ይደርሳል ይላችኋል። ቀይ፣ አሮጌ፣ ባለሁለት በር፣ መሬት ልትልስ የደረሰች መኪና ናት። መሣሪያውን ከኋላ ይጠቀጥቅና የፍሪጅ ጋዝ የሚሞላበትን ጠርሙስ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ ያስርለታል። ብቻውን ሲሆን ያወራዋልም።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። የምትሠራው ከኮረብታው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነው፤ በትንሽዬ ነጭ መኪናዋ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። እሱ ሲወጣ እሷ ስትገባ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። እሷ ደግሞ መጠበቅ የምትችል ሴት ናት፤ ሥራዋ አስተምሯታል። «አንተ ምጥ ብትሆን ኖሮ እናት የሚባል ባልተረፈ» ትለዋለች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጋሪ ነው። አንድ ምሽት ቶሎ እንደልማዱ ሲበር፣ ጋሪ የሚገፉ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ድንገት ብቅ አሉበት። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ተንሸራታ ተንሸራታ ጋሪው ሥር ልትገባ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሽማግሌው ቢሰድቡት ጥሩ ነበር፤ አልሰደቡትም። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩትና «አላየኸኝም አይደል ልጄ?» አሉት በለሆሳስ። ከዚያ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ። ቶሎ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ጨለማ ባየ ቁጥር ጋሪው ድቅን ይልበታል።

ጥፋቱን በመብራቱ አሳበበ። እውነት ለመናገር የመኪናዋ የፊት መብራት ደካማ ነው፤ ሊያልቅ ከደረሰ ሻማ አይሻልም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሆኑት አጎቱ ግን አይተውት «መብራቱ ምንም አይልም፤ አንተ እግርህን ቀለል አድርገው» አሉት። ይሄ ቶሎ ሊሰማው የፈለገው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ሄደና ሌላ አገር ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና የወጣ ጥንድ መብራት ይዞ መጣ። «ሌሊቱን ቀን ያደርግልሃል» ብሎታል ሻጩ። ሻጭ ሌላ ምን ይላል?

አጎቱ ይግጠሙት ቢል «ነገ አምጣው» ይሉታል። ነገ የሚባል ቃል ደግሞ ከቶሎ ጋር ተጣልቶ የኖረ ቃል ነው። ስለዚህ ሚስቱ ሥራ በዋለችበት ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ራሱ ፈታ፣ ራሱ ገጠመ። መብራት ሲቀየር ግድግዳ ላይ አብርቶ ከፍታውን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል፤ አጎቱ ሲያደርጉት ስንቴ አይቷል። እሱ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም፣ እስኪመሽ ማን ይጠብቃል? ብሎኖቹን ወደ ላይ ጠበቅ ጠበቅ አደረጋቸው። ወደ ላይ ከሆነ ሩቅ ያሳያል፤ በቃ። ያኔም ስልኩ ጠራ፤ ማዶ ያለ ሥጋ ቤት ነው።

ኮረብታው ላይ ሲጨልም መብራቱን ቢያበራው መንገዱ ቀን ሆነ። ወገኛው ሻጭ እውነቱን ነበር እንዴ? የመንገድ ምልክቱ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ፣ የተወረወረ ላስቲክ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየው። ቶሎ ደስታውን አልቻለውም። «አየኸው?» አለው ለጋዝ ጠርሙሱ። «ጋሪ ቢመጣ እንኳ ከማዶ ነው የማየው።»

ከፊት ለፊቱ የመጣ አንድ መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ አደረገለት። ቶሎ ፈገግ አለ። ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ብልጭ አደረገለት። «ወደዱት እኮ» አለ። ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ሲደነቅ ለምዷል፤ ልጅ እጁን ያውለበልብለታል፣ ጎረምሳ ያፏጭለታል። እሱም ሰላምታ የማይመልስ ሰው አይደለምና ለያንዳንዳቸው ረጅሙን እየለቀቀ መለሰላቸው። ሦስተኛው መኪና ከተሰነጠቀው ዛፍ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ብቅ እንዳለ ብልጭ አደረገ፤ ደግሞ ብልጭ አደረገ። «ይሄስ ከልቡ ነው» አለ ቶሎ፤ ረጅሙን ለቀቀለትና ሳያጠፋው አለፈ። ትንሽ ቆይቶ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ከኋላው ምንም መብራት የለም። ወደ እርሻው መንገድ ታጥፎ ይሆናል ብሎ ሥጋ ቤቱ ጋ ደረሰ።

ሲመለስ የሚስቱ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማለች። አንድ ጎኗ ጭቃ ለብሷል፣ የፊት መከላከያዋ ሣር ነክሷል። ቶሎ የራሱን መኪና በር እንኳ በደንብ ሳይዘጋ ሮጦ ገባ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ በጨለማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። በመዳፏ አንድ ዓይኗን ሸፍና መስኮቱን ታያለች፤ ከዚያ ታቀያይራለች።

«ምነው በጨለማ?»

«አታብራው» አለች። «እያየሁ ነው።»

«ምኑን ነው የምታዪው? መኪናሽ ምን ሆነች? ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም። ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቦዩ ባይዘኝ ገደል ነበር። መንገድ ሠራተኞች ገፍተው አወጡኝ።» እጇን ከዓይኗ ላይ አወረደች። «አንድ መኪና መጣ። መብራቱ ለጉድ ነው። ቀንስልኝ ብዬ ብልጭ አደረግሁለት። ደግሜ አደረግሁለት። ይባስ ብሎ ረጅሙን ለቀቀብኝ።»

ቶሎ እጁ ውስጥ የነበረው ቁልፍ መንቀጫቀጩን አቆመ።

«የት ጋ?» አለ፤ ድምፁ የሱ አልመስል አለው።

«መታጠፊያው ጋ፣ የተሰነጠቀው ዛፍ አጠገብ። ግን እሱ አይደለም ያስፈራኝ፤ ባለጌ ሹፌር ሞልቷል። ያስፈራኝ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ዓይኔ ቶሎ አልመለስ አለኝ። መሪ የያዘ እጄን አላየሁትም።» መዳፏን መልሳ ዓይኗ ላይ አደረገች። «እማዬም እንዲህ ነው የጀመራት። በኔ ዕድሜ።»

እናቷን ቶሎ ያውቃቸው ነበር። መጀመሪያ ሲመሽ ማየት አቃታቸው፤ ዳፍንት ነው ተባለ፤ ያልፋል ተባለ። አላለፈም። መጨረሻ ላይ መስኮት ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው በኮቴው ነበር የሚለዩት። ይቺ ሚስቱ እጃቸውን ይዛ ስትመራ ያደገች ልጃቸው ናት። ከሞት ይልቅ የምትፈራው ያንን ነው።

ቶሎ አፉን ከፈተ። እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረበት፤ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይኖርም ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲቸኩል የኖረ ሰው መቸኮል በነበረበት በዚያች ደቂቃ ዘገየ።

«ባለጌ ነው» አለ። ራሱን ሰድቦ ወደ ግቢው ወጣና መኪናውን ሸራ አለበሳት።

በማግስቱ ሚስቱ የዓይን ሐኪም ጋ እንደሄደች አጎቱን ጠራቸው። ሲመሻሽ መጡ። ቶሎ ሸራውን ገፈፈና መብራቱን ግድግዳው ላይ አበራ። ብርሃኑ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ተኛ፣ በግራ በኩል ግን ግድግዳውን ወጥቶ የጎረቤትን ጣሪያ አነጣው።

«ይሄ በግራ ለሚነዱ ሰዎች የተሠራ ነው» አሉ አጎቱ። «እነሱ ጋ በግራ ያለው የመንገዱ ዳር ነው። አንተ ጋ ግን በግራ የሚመጣው ሰው ነው። ፊቱ ላይ ነው የምታበራበት። ብሎኑንስ ማን ነው ወደ ላይ ያጠበቀው?»

«እኔ።»

«ሩቅ እንዲያሳይህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አሳይቶሃል። የሰውየውን ጣሪያ ክዳን ልትቆጥርለት ትችላለህ።» ከዚያ ቆም አሉ። «ሰዎቹ ብልጭ ሲያደርጉብህ ምን መሰለህ?»

«ሰላምታ።»

አጎቱ ሳቁ። ሳቃቸውን ሊያቆሙት ስላልቻሉ የመኪናዋን ጎማ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ቀና ብለው ፊቱን ሲያዩት ግን ሳቁ ጠፋ። «ማን ላይ ነው ያበራኸው?» አሉት።

«ማንም ላይ» አለ ቶሎ።

«ዛሬውኑ ፍታው» አሉትና ሄዱ። አልፈታውም። ቢፈታው ሚስቱ ድንገት ደርሳ ምን እየሠራህ ነው ትለዋለች፤ መብራት እንደቀየረ እንኳ አታውቅም። ሸራውን መልሶ አለበሳት።

የዓይን ሐኪሙ ዓይኗ ጤነኛ ነው ብሏታል። ይሄ ያጽናናታል ብሎ ቶሎ ደስ አለው፤ እሷ ግን «እማዬንም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያሏት» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ መንዳት አቆመች። ጠዋትም ማታም በሷ መኪና የሚያመላልሳት እሱ ሆነ። ያንን መንገድ በቀስታ ነዳው፤ ቢቸኩል ትደነግጥበታለች። የሰውየው ሰውነት ግን ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ነበር። ሁልጊዜ ሊነግራት ይነሳል፤ «ስሚ» ይላል፤ «አቤት» ትላለች፤ «መስኮቱን ልዝጋልሽ?» ይላል። ቤት ውስጥ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲንጎራደድ ይውላል። በርበሬ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ጨው ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ደግሞ ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው ሲሉ የሰማው ትዝ ብሎት አንድ ዘንቢል ካሮት ተሸክሞ መጣ። በየቀኑ ላጥ እያደረገ ያቀርብላታል። እሷም ትበላለች። ያ ካሮት ጥርሷ ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል እሱ ሌላውን መላጥ ይጀምራል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ በጓሮ በር ሲገባ ሚስቱን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ዓይኗን ጨፍናለች። ጣቶቿን ግድግዳው ላይ እያስኬደች፣ እግሯን እየጎተተች፣ ከማዕድ ቤት ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች። የበሩ ጉበን ጋ ስትደርስ በእጇ ዳበሰችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልምምድ» አለች፤ ዓይኗን አልገለጠችም። «በኋላ እንዳይከብደኝ።»

ቶሎ እዚያው ቀለጠ። እንደ ሕፃን ቁጭ ብሎ ማልቀስ አማረው፤ ግን ይሄንንም አልቻለበትም፤ ወጥቶ ግቢውን ሲዞር አመሸ።

በማግስቱ ማታ ከጤና ጣቢያው ሲያመጣት ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም ነበር። መኪናው መንገዱን ከያዘ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ምጥ የያዛት ልጅ ገብታለች። የመጀመሪያዋ ነው። እጄን ይዛ አትሂጂብኝ አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልቆየሽም?»

«መብራት ቢጠፋስ? በባትሪ ነው የምንሠራው። በዚያች ብርሃን የማላይ ከሆነስ?» እጆቿን ጭኖቿ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። «ዛሬ አለቃዬን አነጋግሬያለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ክትባት ክፍል ነኝ። ቀን ቀን።»

«ማዋለዱስ?»

«በቃ።»

ይሄን የምትለው ገና ትምህርት ላይ ሳለች ጀምሮ ማዋለድ እንጂ ሌላ ሥራ አልፈልግም ስትል የኖረች ሴት ናት። ያኔ ከፊት ለፊት አንድ መኪና መጣ። መብራቱ እንዲሁ የማንም መኪና መብራት ነው። እሷ ግን ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ እስከ ጉልበቷ ድረስ አጎነበሰች። መኪናው ካለፈም በኋላ ቀና አላለችም።

ግቢ ገቡ። ሞተሩን አጠፋ። ልትወርድ ስትል እጇን ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ ነው አንተ?»

«መታጠፊያው ጋ። ባለጌው እኔ ነኝ።» አንዴ ካመለጠው በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። ጋሪውን፣ ሽማግሌውን፣ መብራቱን፣ ብሎኑን፣ አጎቱን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሰላምታው ላይ ሲደርስ ብቻ አንደበቱ ተሳሰረ።

«ሰላምታ መስሎህ?» አለች።

«ሰላምታ መስሎኝ።»

«አንተ ነህ? እውነት አንተ ነህ? ማልልኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«በዓይን አትማልብኝ» አለች ቆጣ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ስለዚህ ዓይኔ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ዳፍንት አይደለም?»

«ያ መብራት ማንንም ያሳውራል። ጋሼን ጠይቂያቸው።»

ሳቀች። መጀመሪያ የሳቀችው እንደዚያ ነው፤ እፎይታ ደረቷን ሞልቶ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ዕንባ መጣባት፤ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ቶሎ ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገች፤ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ዞር ብላ አየችው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያኑ ዕለት ማታ።»

«ያኑ ዕለት ማታ» አለች ቀስ ብላ። «ካሮቱስ?»

ሚስቱ ወረደች። እጇን ዘረጋችና «ያንተን ቁልፍ አምጣ» አለችው። ሰጣት። «የግቢው በር ጋ ሂድና ቁም። ወደዚህ ዞር በል።»

ሄዶ ቆመ። ሸራውን ስትገፍ ሰማ፤ የመኪናዋ በር ሲከፈት ሰማ። ከዚያ መብራቱ በራ። ቶሎ ያን መብራት ከኋላው ሆኖ እንጂ ከፊቱ ሆኖ አያውቀውም። ነጭ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባበት። ግቢው፣ ቤቱ፣ መኪናዋ፣ ሚስቱ ሁሉ ባንዴ ጠፉ። ፊቱን ሊያዞር ፈለገ፤ ግን አላዞረም።

«ቀንሽልኝ» አለ።

ረጅሙን ለቀቀችበት፤ ብልጭ፣ ደግሞ ብልጭ።

«ሰላምታ ነው» አለች ከማዶ።

ዓይኑ ዕንባ አፈሰሰ። «ስንት ጣት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ጣቷን ቀርቶ እሷንም አያያትም ነበር። ያንኑ ነገራት። እሷም መብራቱን ሳታጠፋ ትንሽ አቆየችውና አጠፋችው። ጨለማው የበለጠ ባሰ፤ ጥቁር ውስጥ ብጫ ክበቦች ይዋኙ ጀመር። ኮቴዋ ወደሱ ሲመጣ ሰማ። በጥፊ ትለው ይሆን፣ ታቅፈው ይሆን አላወቀም፤ ሁለቱንም ይጠብቅ ነበር። ኮቴው አጠገቡ ሲደርስ ታጠፈና የትንሿ መኪና በር ተከፈተ።

«ወዴት ነው?»

«ልጅቷ ጋ ነዋ። የመጀመሪያ ምጥ ነው፤ ገና አልወለደችም።» ሞተሩ ተነሳ። «በሩን ክፈት።»

ቶሎ ዞረና መቀርቀሪያውን ፈለገ። ብረቱን ዳበሰ፣ ግንቡን ዳበሰ፣ እንደገና ብረቱን ዳበሰ። በየቀኑ የሚከፍተው በር ነው፤ መቀርቀሪያው ግን የት እንደገባ ጠፋበት።

«ቶሎ በል እንጂ» አለች ሚስቱ።

በመጨረሻ አገኘውና ከፈተው። መኪናዋ አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፤ መስኮቱ ወረደ።

«ጠዋት ስመለስ ያንን መብራት እዚህ እንዳላየው» አለች። «አንተን ግን አገኝሃለሁ። ገና አልጨረስንም።»

«እሺ» አለ።

ወጣች። ቶሎ በሩን ይዞ ቆመ። ሁለቱ ቀያይ መብራቶች መጀመሪያ ደብዝዘው፣ ቀስ በቀስ እየጠሩ ኮረብታውን ሲወጡ ተከተላቸው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከማዶ የሌላ መኪና ብርሃን ብቅ አለ። ትንፋሹን ያዘ። ቀያዮቹ መብራቶች ምንም ሳይወላውሉ መንገዳቸውን ይዘው አለፉና ከኮረብታው ጀርባ ገቡ።

ከዚያ ካቻቢቴውን ይዞ መጣና ከመኪናው ፊት ተንበረከከ። ዓይኑ ገና በደንብ አልተመለሰም ነበር፤ ብሎኖቹን በዳበሳ ነው የፈታቸው።